የማኅበረ ምዕመናናችንን መተዳደሪያ ደንብ ከየት ጀምረን እናድሰው?

ጥያቄ፦ የጉባኤ ፀሐፊ፣ ሚኒሶታ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

በአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም በኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ሥር በሚገኝና በአማርኛ በሚያመልክ ማኅበረ ምዕመናን ውስጥ በፀሐፊነት አገለግላለሁ። መተዳደሪያ ደንባችን የተዘጋጀው ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2013 ካወጣችው ሞዴል መተዳደሪያ ደንብ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መሥራቾቻችን በሞዴሉ ላይ የነበሩትን ባዶ ቦታዎች ሞልተው አጸደቁት፤ ሲኖዶሱም (የቤተ ክርስቲያኒቱ የአካባቢ አስተዳደር ክፍል) ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተለወጠበትም። ዛሬ ሰነዱ ከመሳቢያ የሚወጣው ባንክ ሲጠይቀን ወይም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ክርክር ሲነሣ ብቻ ሲሆን፣ በወጣም ጊዜ በተግባር ከምንሠራው ጋር አይገናኝም።

ለአብነት ያህል፣ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው አባላት ግማሹ መገኘት አለባቸው ይላል። በመዝገባችን ላይ ወደ ቴክሳስና ወደ ኮሎራዶ ከተዛወሩ ዓመታት ያስቆጠሩ ቤተሰቦች ጭምር ስላሉ፣ ያለፈው ዓመታዊ ጉባኤ ምልዓቱ ሳይሟላ ቀርቶ በጀቱ ሳይጸድቅ ተበትኗል። ደንቡ ስድስት አባላት ያሉት አስመራጭ ኮሚቴ፣ ሦስት አባላት ያሉት የኦዲት ኮሚቴና ሌሎችም እንዲቋቋሙ ያዝዛል፤ በእኛ ዘንድ ግን በሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ በመዘምራኑም፣ በምክር ቤቱም የሚያገለግሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለ ሽማግሌዎች ደግሞ ደንቡ አንድም ነገር አይናገርም፤ ምዕመኑ ግን ችግር ሲገጥመው የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎች ነው።

በምክር ቤታችን ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ። ከፊሉ፣ ይህን ሰነድ ትተን ከአኗኗራችን ጋር የሚሄድ ደንብ ከመጀመሪያው እንጻፍ ይላል። ከፊሉ ደግሞ፣ ማሻሻያ በሁለት ጉባኤዎች ቀርቦ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት ስላለበት፣ ምልዓተ ጉባኤ እንኳ ማሟላት ያቃተው ማኅበር ይህን ባይጀምረው ይሻላል ባይ ነው። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከየት መጀመር እንዳለብንና ሕዝቡን ሳናሰለች እንዴት ልንጨርሰው እንደምንችል እንድትመክሩን በጌታ ፍቅር እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የደንብ ገምጋሚ

የተከበሩ ፀሐፊ፣ በምኖርበት ሲኖዶስ የአጥቢያ ደንቦችን በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ ስላገለገልሁ ከዚያ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ ከመጀመሪያው እንጻፍ የሚለውን ሐሳብ ቢተዉት ይሻላል። በሞዴሉ ውስጥ ብዙ አንቀጾች በፊታቸው የኮከብ ምልክት አለባቸው፤ ኮከብ ያለበት አንቀጽ ግዴታ ስለሆነ አንድ ማኅበረ ምዕመናን ቃሉን በራሱ ፈቃድ ሊለውጠውም ሊተወውም አይችልም። የእምነት መግለጫው፣ የአባልነት ትርጓሜው፣ የንብረት ምዕራፉ፣ የማሻሻያ ሥርዓቱ ራሱ ከዚህ ወገን ናቸው። አዲስ ደንብ ጽፋችሁ ብትልኩ ሲኖዶሱ የጎደሉትን ባለ ኮከብ አንቀጾች እየጠቀሰ ይመልስላችኋል፤ በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ያው ሞዴሉ ነው። በስደተኛ ጉባኤዎቻችን ውስጥ ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በምዕራፍ 6 እና 7 ላይ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ስላለው ግንኙነትና ስለ ንብረት በሚናገሩት ላይ ነው። በተለይ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013 ከኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ጋር የነበራትን ኅብረት ካቋረጠች በኋላ እነዚህን ምዕራፎች "እናውጣቸው" የሚል ሐሳብ በየስብሰባው እንደሚነሣ አውቃለሁ። በደንብ ማሻሻያ ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን ሰው ሳያነብ እንደሚፈራው ሕንፃው የሲኖዶሱ ነው አይሉም፤ ማኅበሩ በኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ሥር እስካለ ድረስ ንብረቱ በስሙ የሚቆይ ሲሆን፣ ሕልውናው ሲያከትም ግን ወደ ሲኖዶሱ ይተላለፋል፤ ራሱን ችሎ ለመቆም ወይም ሉተራን ወዳልሆነ አካል ለመዛወር ከወሰነም ንብረቱ በስሙ የሚቀረው በሲኖዶሱ ምክር ቤት ፈቃድ ነው። ስለ መለየትም ቢሆን ሥርዓቱን ራሱን ይዘረዝራሉ። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ከማሻሻያው ሥራ በፊት በአማርኛ ለምክር ቤቱ ማንበብ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁለተኛው ወገን የፈራው የሁለት ጉባኤ መንገድ በእርግጥ አለ። ኮከብ የሌለበትን አንቀጽ በራሳችሁ ሐሳብ ለመለወጥ ስትፈልጉ ሐሳቡ ጉባኤው ከመወያየቱ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ይገባል፤ ምክር ቤቱ ከነአስተያየቱ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ለአባላት ያሳውቃል፤ በመጀመሪያው ጉባኤ በአብላጫ ድምፅ ካለፈ በኋላ በሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ ላይ ምንም ሳይለወጥ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ከዚያም ፀሐፊው ለሲኖዶሱ ይልካል፤ ሲኖዶሱም ማጽደቁን ወይም አለማጽደቁን ያሳውቃል፤ ለውጡ የሚጸናው ሲኖዶሱ ማጽደቁን ሲያሳውቅ ነው። መደበኛ ጉባኤያችሁ በዓመት አንዴ ከሆነ ይህ ዓመት ይፈጃል።

ይሁን እንጂ አጠር ያለ ሌላ መንገድ አለ፤ አብዛኛው ሰው የማያውቀውም ይህንኑ ነው። በአሁኑ ሞዴል አንቀጽ 16.04 ላይ፣ በቀደሙት እትሞች በምዕራፍ 17 ውስጥ እንደተጻፈው፣ የደንባችሁን ማንኛውንም ክፍል በቅርቡ ከተሻሻለው ሞዴል ጋር ለማስማማት ብቻ ከሆነ፣ ክፍሉ ኮከብ ይኑረውም አይኑረውም፣ የ30 ቀን ማስታወቂያ ከተሰጠ በኋላ በአንድ ሕጋዊ ጉባኤ በተራ አብላጫ ድምፅ ይጸድቃል፤ ወዲያውም ይጸናል። ለሲኖዶሱ ቅጂውን መላክ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ሥራውን በሁለት ጥቅል ክፈሉት። የመጀመሪያው ጥቅል ደንባችሁን ከአዲሱ ሞዴል ጋር የሚያስማማው ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በየሦስት ዓመቱ ተሰብስቦ ሞዴሉን ያሻሽላል፤ ከእናንተ እትም በኋላ በ2016 በኒው ኦርሊንስ፣ በ2019 በሚልዋኪ፣ በ2022 በኮሎምበስ፣ በ2025 በፊኒክስ ተሰብስቧል። ከለውጦቹ መካከል አንዱን ብቻ ብጠቅስ፣ በ2016 ቀድሞ በሦስት የተለያዩ ስሞች የሚጠሩ የአገልጋይ መዝገቦች ዲያቆናት በሚል አንድ መዝገብ ሥር ተጠቃለዋል፤ የእናንተ ሰነድ ግን ዛሬ የሌሉትን ስሞች ይዞ ይገኛል ማለት ነው። የአሮጌውንና የአዲሱን ጽሑፍ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አስቀምጡ፤ በውስጠ ደንባችሁ (ከመተዳደሪያ ደንቡ በታች ባለው ደንብ) ውስጥ "በምዕራፍ 17 መሠረት" የሚሉ ማጣቀሻዎች ካሉም አስተካክሏቸው፤ የምዕራፍ ቁጥሮች ስለተቀያየሩ በሌላ ጉዳይ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ሁለተኛው ጥቅል ሞዴሉ ባዶ ቦታ የተወላችሁ ነገሮች ናቸው፤ የምልዓተ ጉባኤ ቁጥር፣ የምክር ቤት አባላት ብዛት፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የገንዘብ ጣሪያና የመሳሰሉት። እነዚህን ሞዴሉ ስለማይሞላላችሁ ረጅሙን መንገድ መሄድ አለባችሁ። ሁለቱን ጥቅሎች በአንድ የድምፅ አሰጣጥ ቀላቅሎ ማቅረብ ግን ከሲኖዶሱ ጥያቄ ያስነሣል።

መልስ፦ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ቨርጂኒያ

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፀሐፊው የምልዓተ ጉባኤውን ቁጥር ለመቀነስ ከመነሣታቸው በፊት የአባላት መዝገቡን እንዲመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ምልዓተ ጉባኤን ለመቀነስም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋልና።

በሞዴሉ ምዕራፍ 8 መሠረት ድምፅ የመስጠት መብት ያለው አባል ማለት ማረጋገጫ (የተጠመቀ ሰው እምነቱን በጉባኤ ፊት የሚያረጋግጥበትን ሥርዓት) የተቀበለ አባል ሆኖ፣ በያዝነው ወይም ባለፈው የቀን መቁጠሪያ ዓመት በዚያው ማኅበረ ምዕመናን ቅዱስ ቁርባን የተቀበለና በመዝገብ የሚታይ መባ የሰጠ ማለት ነው። ይህ ባለ ኮከብ አንቀጽ ነው። ወደ ቴክሳስ ሄደው የቀሩት ቤተሰቦች በመዝገብ ላይ ስማቸው ቢኖርም፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ካላደረጉ ምልዓተ ጉባኤ ሲሰላ አይቆጠሩም። ከድምፅ ሰጪዎች ዝርዝር መውጣት ከአባልነት መሰረዝ አይደለም፤ ጥምቀታቸውም ማረጋገጫቸውም በመዝገቡ ላይ ይኖራል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከዓመታዊው ጉባኤ ማስታወቂያ በፊት ይህን ዝርዝር አጣርቶ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር፣ የግማሹ ድንጋጌ ራሱ ላያስቸግራችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ብቻ የሚከብድ ነገር አለ። ብዙ እናቶችና አባቶች ቀኝ እጃቸው የሚሰጠውን ግራ እጃቸው እንዳያውቅ ብለው ገንዘቡን ያለ ስምና ያለ ፖስታ በሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ይጨምራሉ። ልማዱ የተከበረ ነው፤ ደንቡ ግን "በመዝገብ የሚታይ" ስለሚል እነዚህ ሰዎች፣ በየእሑዱ ከፊት የሚቀመጡትና አብዝተው የሚሰጡት ጭምር፣ በወረቀት ላይ ድምፅ የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። መፍትሔው ደንቡን መለወጥ አይደለም፤ አይቻልምም። ቁጥር ያለው ፖስታ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መስጠት፣ ለምን እንደሚያስፈልግም ከመድረክ ሳይሆን በየቤቱ ጉብኝት ማስረዳት ነው። የመጠኑ ዝቅተኛ ልክ አልተጻፈም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በስም የተመዘገበ መባ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር የገንዘብ ጣሪያው ነው። ሞዴሉ በምክር ቤቱ ምዕራፍ ውስጥ ምክር ቤቱ በበጀት ላልተያዘ ነገር እስከ ስንት ዶላር ውል መግባት እንደሚችል ባዶ ቦታ ይተዋል። መሥራቾች እንደዚያ ጊዜ ዋጋ የሞሉት ቁጥር ዛሬ በክረምት የተበላሸ የማሞቂያ መሣሪያ እንኳ ላያስለውጥ ይችላል፤ ምክር ቤቱም ወይ ደንቡን ይጥሳል ወይ ሕዝቡን በብርድ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ጥቅላችሁ ውስጥ ቁጥሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ጣሪያውን የዓመታዊው በጀት መቶኛ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት በየጊዜው መንካት አያስፈልጋችሁም። ቼክ ላይ እነማን እንደሚፈርሙና ሁለት ፊርማ የሚያስፈልገው ከስንት ዶላር በላይ እንደሆነ ግን ከመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አውጡት፤ ባንኩ የሚፈልገው የምክር ቤት ውሳኔ ነው፣ ፈራሚዎችም በየምርጫው ይለወጣሉ።

መልስ፦ በጡረታ ያለ ቄስ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን በደስታ አንብቤአለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

ገንዘብ ያዡ አንዳንዱን ነገር ከመተዳደሪያ ደንቡ አውጡት ማለታቸው ትክክል ነው፤ ወዴት ይውጣ የሚለው ግን መታሰብ አለበት። ከመተዳደሪያ ደንቡ በታች ውስጠ ደንብ አለ፤ እርሱ በአንድ ጉባኤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወጣል። ከእርሱም በታች ቀጣይ ውሳኔ የሚባለው አለ፤ ይህንን ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ፣ ወይም ምክር ቤቱ ብቻውን ከመላ አባላቱ በሁለት ሦስተኛው ድምፅ ሊያወጣው ይችላል። ቀላል ስለሆነ ሁሉን ነገር ወደዚህ የመጨረሻው የማውረድ ፈተና አለ፤ ይህ እንደማይጠቅም በአገልግሎት ዘመኔ አይቻለሁ። ምክር ቤቱ የራሱን ሥልጣን፣ የራሱን የአገልግሎት ዘመንና የራሱን የምርጫ ሥርዓት በራሱ ድምፅ እየወሰነ ከሄደ፣ ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ቀን ተነሥቶ "ይህን ማን ፈቀደ?" ማለቱ አይቀርም። እኔ የምለየው በዚህ ነው፤ ምዕመኑ ባያውቀው ቅር የሚሰኝበትን ነገር ውስጠ ደንብ ውስጥ አስቀምጡት፤ የቼክ ፈራሚን፣ የአዳራሽ ኪራይ ዋጋን፣ የቁልፍ አያያዝን፣ የኮሚቴዎችን የሥራ ዝርዝር ወደ ቀጣይ ውሳኔ አውርዱት። እያንዳንዱ ቀጣይ ውሳኔ የሚመለከተውን አንቀጽ ቁጥር፣ ፊደልና የወጣበትን ዓመት ይዞ ይመዝገብ፤ ሞዴሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ያን ጊዜ የትኛው እንዳረጀ ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ስለ ኮሚቴዎቹ ብዙ አልጨነቅም። የአስመራጩም የኦዲቱም ቁጥር ባለ ኮከብ አይደለም፤ በአቅማችሁ ልክ ቀንሱት። የኦዲት አባላት ግን ከምክር ቤቱ ውጭ መሆናቸውን አትተዉ፤ ቤተሰቦች እርስ በርሳቸው በተዛመዱበት ትንሽ ማኅበር ውስጥ ይህ የገንዘብ ያዡን ስምም ይጠብቃል።

የሽማግሌዎቹ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በመካነ ኢየሱስ ያደገ ሰው ሽማግሌ ሲል የሚጸልይለትን፣ ሲጣላ የሚያስታርቀውን፣ ሲሳሳትም የሚገሥጸውን ሰው ማለቱ ነው። ሞዴሉ ደግሞ የሚያውቀው ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ያሉትን ምክር ቤት ነው። አንዳንድ ጉባኤዎች ምክር ቤቱን ራሱን "የሽማግሌዎች ቦርድ" ብለው ይጠሩታል፤ ያን ጊዜ የሒሳብ ችሎታ ስላለው የተመረጠ ወጣት በአንድ ቀን ሽማግሌ ይሆናል፣ ለዚያ የተጠራ ግን አይደለም። ሌሎች ደግሞ ከምክር ቤቱ ጎን ሽማግሌዎችን በልማድ ያስቀምጣሉ፤ ሥልጣናቸው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ስላልተጻፈ ከቄሱም ከምክር ቤቱም ጋር ይጋጫሉ።

እኔ የምመክረው ሽማግሌዎችን በኮሚቴዎች ምዕራፍ ሥር በውስጠ ደንብ ማቋቋም ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጡ፣ ዘመናቸው ይወሰን፣ ሥራቸው ጸሎት፣ ጉብኝትና እርቅ መሆኑ ይጻፍ፤ በገንዘብና በንብረት ላይ እንደማይወስኑ፣ ለምክር ቤቱም እንደሚያሳውቁ በግልጽ ይቀመጥ። በተለይ አባልን መገሠጽን በሚመለከት ምዕራፍ 15ን ደጋግማችሁ አንብቡ። በአገር ቤት ልማድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድን ሰው ከቁርባን ሊያግዱ ይችሉ ነበር። ሞዴሉ ግን በማቴዎስ 18፥15-17 መሠረት በመጀመሪያ ቄሱ ለብቻው እንዲመክር፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ባሉበት እንዲገሥጽ፣ ያም ካልሠራ ምክር ቤቱ ጉዳዩን በጽሑፍ ወደ ሲኖዶሱ እንዲመራ ያዝዛል፤ ይህም ባለ ኮከብ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎች እነዚያ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በራሳቸው ፍርድ ማገድ ግን አይችሉም። ይህን በውስጠ ደንቡ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስፍራችሁ ለተመራጮቹ ከሹመታቸው በፊት አንብቡላቸው።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦ የጉባኤ ፀሐፊ፣ ሚኒሶታ

አባታችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ምክር ቤቱ መዝገቡን ከማጣራት እንዲጀምርና የመጀመሪያውን ጥቅል ለብቻው እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ብዙ አባሎቻችን እሑድ በአረጋውያን መንከባከቢያና በአየር ማረፊያ ፈረቃ ስለሚሠሩ በዙም ቢሳተፉ ድምፃቸው ይቆጠራል ወይ? ደግሞስ የእንግሊዝኛውና የአማርኛው ቅጂ የማይስማሙባቸው ቦታዎች ስላሉ የትኛውን እንከተል?

መልስ፦ የደንብ ገምጋሚ

ስለ መጀመሪያው፣ አዲሱ ሞዴል በጉባኤ ምዕራፍ ውስጥ ተሳታፊዎች በአንድ ጊዜ እርስ በርስ በድምፅ መደማመጥ እስከቻሉ ድረስ በኤሌክትሮኒክ ወይም በስልክ ጉባኤ ማካሄድን ይፈቅዳል፤ ማስታወቂያንም የስቴቱ ሕግ በሚፈቅደው መጠን በኤሌክትሮኒክ መላክ ይቻላል። የእናንተ የ2013 ሰነድ ይህ ከሌለው በመጀመሪያው ጥቅል ውስጥ አስገቡት፤ እስኪጸድቅ ድረስ ግን በዙም የገቡትን በምልዓተ ጉባኤ ላይ አትቁጠሩ። የሚኒሶታ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ሕግ፣ ምዕራፍ 317ኤ፣ ስለ ርቀት ስብሰባ የራሱ ድንጋጌ ስላለው፣ በስቴቱ ዘንድ በየትኛው ሕግ እንደተመዘገባችሁ ከምሥረታ ሰነዳችሁ አረጋግጡ። ያ የምሥረታ ሰነድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የማኅበሩ ስም ወይም አድራሻ ተለውጦ ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ብቻ ማደስ አይበቃም።

ስለ ሁለተኛው፣ ሲኖዶሱ የመረመረውና የተቀበለው እንግሊዝኛውን ስለሆነ ልዩነት ሲኖር እርሱ ይጸናል፤ ይህንንም በውስጠ ደንብ አንድ አንቀጽ አድርጋችሁ ጻፉት። አማርኛውን ግን ለይስሙላ አታስቀምጡት፤ ጉባኤው የሚወያየው በእርሱ ነው። ማስታወቂያ ስትልኩ የሁለቱንም ቋንቋ ማሻሻያ በአንድ ፖስታ ላኩ፤ በሁለቱም ቅጂዎች በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የጸደቀበትን ቀን አትሙ፤ በቃለ ጉባኤው ላይም "ጸድቋል" ብቻ ሳይሆን የተገኙትን ድምፅ ሰጪዎች ብዛት፣ የደገፉትን፣ የተቃወሙትንና በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደተመረጠ አስፍሩ። ረቂቁን ከጉባኤው በፊት ለሲኖዶሱ ጽሕፈት ቤት ብትልኩት አስተያየቱ አስቀድሞ ይደርሳችኋል፤ የሚቀጥለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በ2028 ስለሆነ፣ አሁን የ2025ቱን እትም ይዛችሁ ብትጀምሩ የመጀመሪያው ጥቅል በመጪው ዓመታዊ ጉባኤ ሊያልቅ ይችላል።